ያረጀ ጨዋታ ተጫዋቾቹን የሚያጣው በምን ምክንያት ነው?

ለማናቸውም ነገር ወራት አለው፤ ዘመን የወለደውን ዘመን ይሽረዋል የሚል ሰው ብዙ ነው። ስለ ጨዋታም ሲነገር ይኸው ፍርድ ይደገማል። ሽማግሌዎች ገበጣ ጠፋ፣ ገና ቀረ፣ ልጆች ሁሉ በስልክ ተያዙ እያሉ ያዝናሉ። ወጣቶችም በበኩላቸው ያረጀ ነገር ሊቀር የተገባ ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ሳያውቁት በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ጨዋታውን የገደለው የዕድሜው ብዛት ነው ብለው ማመናቸው ነው። ዳሩ ግን ነገሩ በሚገባ ሲመረመር ጨዋታን የሚገድለው ዕድሜ እንዳልሆነ ይገለጣል። ይህንንም ለይቶ ማወቅ ለሹማምንትና ለካህናት ይበጃል፤ በሽታው በስሕተት ከታወቀ መድኃኒቱም በስሕተት ይታዘዛልና።

በመጀመሪያ የልደታቸው ቀን በትክክል የታወቀውን፣ ተጫዋቾቻቸውም የተቈጠሩትን ጨዋታዎች መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ዘመን አንዱ በአንድ አገር፣ ሌላው በሌላ አገር ተቀምጦ፣ ብዙ ሺሕ ሰዎች በኢንተርኔት አማካይነት በአንድ ጊዜ የሚጫወቱባቸው ጨዋታዎች አሉ። ከእነዚህም ስሙ እጅግ የገነነው ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት የሚባለው ነው። ይህ ጨዋታ ብሊዛርድ በሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ተሠርቶ በኅዳር ወር 1997 ዓ.ም. ተከፈተ። በየወሩ ገንዘብ እየከፈሉ የሚጫወቱት ሰዎች ቍጥር በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ግን ከፍና ዝቅ እያለ ሄዶ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ 5 ሚሊዮን ተኩል ወረደ። ኩባንያውም ከዚህ በኋላ ቍጥሩን በየሩብ ዓመቱ ማስታወቁን ተወ።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰዎች ጨዋታው አርጅቷል፣ መሞቻውም ደርሷል ብለው ፈረዱ። ነገር ግን በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. ኩባንያው የጨዋታውን የቀድሞ መልክ፣ በመጀመሪያ እንደ ነበረ አድርጎ፣ እንደገና ከፈተው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመጣው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ተጫዋቾች ለመግባት ብዙ ሰዓት ተራ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። እንግዲህ ከሄዱት መካከል ብዙዎቹ የሄዱት ጨዋታው ስላረጀ ሳይሆን የሚወዱት ነገር ከእጃቸው ስለ ተለወጠ ነበር ማለት ነው። ዕድሜ የሚገድል ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ መልኮች የበለጠ ያረጀው አንድም ሰው ባላገኘ ነበር።

ሁለተኛውም ምሳሌ ከዚህ አይርቅም። ሩንስኬፕ የሚባለው ጨዋታ በእንግሊዝ አገር ጋወር በሚባሉ ወንድማማቾች ተሠርቶ በ1993 ዓ.ም. ተከፈተ። ባለቤቶቹ እያደሱ፣ እየጨመሩ፣ እየለወጡ ሲሄዱ ብዙ የቀድሞ ተጫዋቾች ተለዩት። በ2005 ዓ.ም. ግን ኩባንያው አሮጌው መልክ ይመለስን ብሎ ተጫዋቾቹን በድምፅ ጠየቀ፤ ወደ 450 ሺሕ የሚደርስ ድምፅም ተሰጠ። ስለዚህ ጨዋታው በ1999 ዓ.ም. እንደ ነበረ ሆኖ በየካቲት ወር ተከፈተ። ከዚያም ወዲህ አንድ ትልቅ ነገር ሊጨመር ሲታሰብ ለተጫዋቾቹ ድምፅ ይቀርባል፤ ዛሬም ከመቶ 70 እጅ ካልተስማማበት አይጨመርም። አሮጌው መልክ በተጫዋቾች ብዛት አዲሱን በልጦታል።

ሦስተኛው ምሳሌ የሚያሳዝን ነው። ሲቲ ኦፍ ሂሮስ የሚባል ጨዋታ በ1996 ዓ.ም. ተከፍቶ ብዙ ወዳጆች ነበሩት። ባለቤቱ የኮርያ ኩባንያ ግን ሊዘጋው ወሰነ። ተጫዋቾቹ ፊርማ እያሰባሰቡ ቢለምኑም አልተሰሙምና በኅዳር ወር 2005 ዓ.ም. ተዘጋ። ይህ ጨዋታ ተጫዋች አላጣም፤ ተጫዋቾቹ ናቸው ጨዋታውን ያጡት። የቤቱ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ሲሆን፣ ቤቱ በሰው የተሞላ ቢሆንም እንኳ ባለ ቁልፉ በፈቀደ ቀን ይዘጋል።

ከእነዚህ ሦስት ነገሮች የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። ጨዋታ የሚጐዳው አንደኛ ጠባቂዎቹ የተጫዋቾቹን ፈቃድ ሳይጠይቁ ሲለውጡት፣ ሁለተኛ የመሰብሰቢያው ቦታ ሲዘጋ፣ ሦስተኛ አዲስ ጀማሪ መምጣቱ ሲቀር ነው። የዕድሜው ርዝመት በዚህ ቍጥር ውስጥ አይገባም። እንግዲህ በዚህ መለኪያ የኢትዮጵያን ጨዋታዎች መመርመር ይገባል።

ፈጽሞ ተጫዋቹን ያጣ ጨዋታ በኢትዮጵያ ይገኛል፤ እርሱም የሀበሻ ሰንጠረዥ ነው። ይህ ጨዋታ ከፋርስና ከዐረብ አገር መጥቶ በኢትዮጵያ የራሱን ሕግ ያወጣ፣ በነገሥታትና በመኳንንት ቤት የተከበረ ነበር። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከቬኒስ መጥቶ የነበረ አንድ ሠዓሊ ከንጉሡ ጋራ ሰንጠረዥ ይጫወት እንደ ነበረ ተጽፎ ይገኛል። እቴጌ ጣይቱም ከቅኔውና ከበገናው ጋራ ሰንጠረዥን የሚያውቁ ነበሩ። በ1852 ዓ.ም. የሞተው የእንግሊዝ ቆንሲል ዋልተር ፕላውደን አካሄዱን በሰፊው ጽፎት ይገኛል።

የሀበሻ ሰንጠረዥ ከሌላው አገር ሰንጠረዥ የሚለይበት ሕግ ነበረው። በመጀመሪያ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እያንዳንዱ እንደ ፈቀደ ጭፍራውን ያንቀሳቅሳል፤ ይህም ወረራ ይባላል። ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ጭፍራ እስኪመታ ድረስ ወረራው ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ተራ ይገባል። በዙሪያው የቆሙትም ሰዎች ዝም አይሉም፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመክራሉ። ንጉሡንም በደካማ ጭፍራ ማሰር እንደ ትልቅ ብልኀት ይቈጠር ነበር። ይህ ሁሉ ጥበብ ከ1928ቱ የጠላት ወረራ በኋላ ጠፋ። ዛሬ በኢትዮጵያ ቼዝ የሚጫወት ሰው አለ፤ ነገር ግን የሚጫወተው በዓለም ሕግ ነው፤ ወረራውን የሚያውቅ ተጫዋች የለም።

ሰንጠረዡ የጠፋው አርጅቶ ነው ማለት አይቻልም፤ ከዚያ በፊት አራት መቶ ዓመት ሙሉ አርጅቶ ኖሯልና። የጠፋው መኖሪያው የመኳንንት አዳራሽ ብቻ ስለ ነበረ ነው። አዳራሹ ሲፈርስ፣ ባለቤቱም ሲሞት ወይም ሲሰደድ፣ ጨዋታው የሚጠጋበት ሌላ ጥላ አላገኘም። ከብት የሚጠብቅ ልጅ አያውቀውም፤ ገበያ የሚወጣ ገበሬም አልተማረውም። አንድ ቤት ብቻ ያለው ነገር ያ ቤት በተቃጠለ ቀን ያልቃል።

ገበጣ ግን በዚህ ረገድ ከሰንጠረዥ እጅግ ይለያል። በይሓና በመጠራ በድንጋይ ላይ የተፈለፈሉና ከሸክላ የተሠሩ የገበጣ ቅሬታዎች ተገኝተዋል፤ የጥንት ነገር መርማሪዎችም ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት ይገምቷቸዋል። በግእዝም ቀርቂስ የሚለው ቃል ለገበጣም ለሰንጠረዥም እንደሚነገር ሊቃውንት ያውቃሉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ ከተሞች ፈርሰው ሌሎች ተሠርተዋል፤ ገበጣ ግን አለ። ያለበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ገበጣ ባለቤት የለውም፤ ቁልፍም የለውም። መሬት ያለው ሰው ጉድጓድ ይቈፍራል፤ ጠጠር ወይም ፍሬ ያለው ሰው ይዘራል። ማንም ሊዘጋው አይችልም።

ነገር ግን ባለቤት የሌለው ነገር ጠባቂም የለውም። ሲቲ ኦፍ ሂሮስ በተዘጋ ጊዜ በዓለም ዙሪያ ጩኸት ተሰማ፤ ቀኑም ይታወቃል። ከገበጣ ዓይነቶች አንዱ በአንድ ቀበሌ የመጨረሻ ዐዋቂው ሲሞት ቢጠፋ ግን ማንም አይጮኽም፤ ቀኑንም የሚጽፍ አይገኝም። ሪቻርድ ፓንክረስት የተባሉት የታሪክ ሊቅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉትን የገበጣ ዓይነቶች መርምረው ከ100 የሚበልጡ አግኝተው ጽፈዋል። ከእነዚህ ስንቶቹ ዛሬ ተጫዋች አላቸው ቢባል ቈጥሮ የሚመልስ መዝገብ በየወረዳው ሊኖር በተገባ ነበር።

ስለ ገበጣ በጎ ሥራ አልተሠራም ማለት ግን አይቻልም። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገበጣን ባለ 12ና ባለ 18 ጉድጓድ አድርጎ ከገና፣ ከትግል፣ ከፈረስ ጉግስና ከሌሎቹ ጋራ በአገር አቀፍ ውድድር ውስጥ አግብቶታል። ይህም የሚመሰገን ነው፤ ከልዩ ልዩ ክልል የመጡ ሰዎች ያለ አንድ ሕግ ሊወዳደሩ አይችሉምና። ነገር ግን አንዱ ሕግ ሌሎቹን ሁሉ እንዳይውጣቸው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ደግሞም በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ተወካዮች ሜዳልያ ለማግኘት መወዳደራቸው ልጆች በየቀኑ በጥላ ሥር መጫወታቸውን አይተካም። ውድድር የዛፉ ፍሬ ነው፤ ሥሩ ያለው በየመንደሩ ነው።

ይህ ነገር ወደ ዋጫ ሲመጣ የበለጠ ክብደት ያገኛል። ዋጫ በካፋ ዞን የጨና ወረዳ ከተማ ናት። ቦንጋም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የዞኑ ብቻ ሳትሆን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች። ስለዚህ ዛሬ በካፋ የሚቀመጥ ሹም ስለ አገሩ ልማድ ከሩቅ ቦታ ትእዛዝ እስኪመጣለት መጠበቅ አያስፈልገውም። ቡናውና ጫካው በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ እንደ ተመዘገበና ጥበቃ እንዳገኘ የታወቀ ነው። ጫካው ከዛፍ ብቻ የተሠራ እንዳልሆነ ሁሉ፣ አገርም ከመሬቱ ብቻ አይሠራም፤ በጫካው ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው የሚጫወተውም የአገሩ ሀብት ነው።

ካፋ ሳይጻፍ የቀረ ነገር ምን እንደሚያስከፍል ከሌላው አገር ይልቅ የምታውቅ ናት። ስለ ቀድሞው የካፋ መንግሥት ሥርዐትና ልማድ በሰፊው የጻፈው የቪየና ሰው ፍሪድሪክ ቢበር ነው። ሁለቱ ትላልቅ መጻሕፍቱም ከ1912 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት በጀርመንኛ ታተሙ። ሰውዬው ደክሟልና ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የዋጫ ልጅ የአያቱን ወግ ለማወቅ ጀርመንኛ መማር የሚያስፈልገው መሆኑ የሚያኰራ ነገር አይደለም። የገበጣውም ነገር የአንድ እንግዳ ሰው ትጋት ባይደርስለት ከመቶው ዓይነት ስንቱ ስሙ እንኳ ይታወቅ ነበር? በካፋ ሽማግሌዎች ዘንድ ያለው ጨዋታ፣ የጉድጓዱና የፍሬው ስም በካፊኖኖ ምን እንደሚባል፣ ማን ከማን እንደ ተማረ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ በአገሩ ልጅ እጅ ሊጻፍ ይገባል።

እንግዲህ ጨዋታው ተጫዋች እያጣ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ በኀዘንም በንቀትም አይፈታም፤ የሚፈታው በመቍጠር ነው። ሽማግሌው አላየሁም ማለቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ እርሱ አይውልምና። ሲቈጠርም የተጫዋቹን ብዛት ብቻ መቍጠር አይበቃም። ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት ከግማሽ የሚበልጥ ተጫዋች አጥቶ አልሞተም፤ የሚገባ አዲስ ሰው ነበረውና። ዐሥር ተጫዋች ያለው ጨዋታ፣ ከዐሥሩ ሁለቱ በዚህ ዓመት የተማሩ ልጆች ከሆኑ ሕያው ነው። መቶ ተጫዋች ያለው ግን ሁሉም ከስድሳ ዓመት በላይ ከሆኑ፣ መቶ መሆናቸው ሊያጽናና አይገባም።

ይህን ነገር ከካህናት ይልቅ የሚረዳው የለም። ዜማውም፣ ቅኔውም፣ አቋቋሙም እስከ ዛሬ የደረሰው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ በቃሉ እየነገረ፣ ደቀ መዝሙሩም ሌሊት እየቀጸለ ነው። አንድ መምህር ዕውቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ደቀ መዝሙር ከሌለው ሞቱ የአንድ ሰው ሞት ብቻ አይሆንም። የዕውቀቱ ዕድሜ የሚለካው በመምህሩ ሽበት ሳይሆን በተማሪው ጕልምስና ነው። ጨዋታ ከዜማ ጋራ በክብር የሚተካከል ባይሆንም በመተላለፉ መንገድ ግን ይመሳሰለዋል።

ሌላም ምልክት አለ፤ እርሱም ክርክር ነው። ልጆች ይህ አይፈቀድም፣ ይህ ይፈቀዳል፣ በእኛ ሰፈር እንዲህ ነው እያሉ የሚሟገቱበት ጨዋታ ሕያው ነው። ሕጉን በትክክል የሚናገር አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርቶ፣ የሚከራከረው ሰው ሲጠፋ፣ ጨዋታው ወደ ሙዚየም ለመግባት ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው ጨዋታ ሥራ ፈትነት ነውና ቢጠፋ ምን ይጐዳል የሚል ነው። መልሱም ልጅ ገበጣን ቢተው መጫወትን አይተውም፤ ሌላ ይጫወታል የሚል ነው። በከተሞቻችን በእነዚህ ዓመታት የእግር ኳስ ውርርድ ቤቶች መብዛታቸውን ሹማምንት ያውቃሉ፤ ወጣቱ በዚያ ውስጥ የሚያጠፋው ጊዜውን ብቻ ሳይሆን የአባቱን የቡና ዋጋ ነው። በገበጣ የተሸነፈ ልጅ የሚያጣው ጠጠር ነው፤ የሚያተርፈውም ቍጥርንና አርቆ ማሰብን ነው። ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ በዐይኑ ቈጥሮ የመጨረሻው ፍሬ የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ ልጅ በሒሳብ ትምህርት ቤት እንግዳ አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ጨዋታ ሁሉ ክፉ ነውና ስልክ ይከልከል የሚል ነው። ይህም ትክክል አይደለም። ከዚህ በላይ የተነገሩት ጨዋታዎች በሩቅ አገር የሚኖሩ ሰዎችን ወዳጅ አድርገዋል፤ በድምፅ የሚወስኑበትንም ሥርዐት አስተምረዋል። ገበጣም ራሱ በስልክ ላይ ይገኛል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በስልክ ያለው ጨዋታ መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፣ ባለቤቱ ሲዘጋው ይዘጋል፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚቈጣና የሚስቅ ሰውም አይሰጥም። ስለዚህ አንዱን ለማዳን ሌላውን መስደብ አያስፈልግም፤ ሁለቱም ቦታ ሊያገኙ ይችላሉ።

ለዋጫ የሚቀርበው ምክር ከባድ አይደለም። የትምህርት ቤት ዳይሬክተሮች በዓመት አንድ ሳምንት መርጠው በየክፍሉ ገበጣ የሚችል ስንት ልጅ እንዳለ፣ በዚያ ዓመት የተማረው ስንት እንደ ሆነ፣ ከማን እንደ ተማረ ይመዝግቡ። ቍጥሩም በሚከተለው ዓመት ከአዲሱ ጋራ ይተያይ። በትምህርት ቤቱ ግቢ በአንድ ዛፍ ሥር የተቈፈረ ጉድጓድ ሲገኝ፣ ግቢ ለማስተካከል ተብሎ አይደፈን። በገና በዓል ከቅዳሴ በኋላ ልጆች ዱላቸውንና ሩራቸውን ይዘው የሚወጡበት ሜዳ ለሌላ ጉዳይ ሲሰጥ፣ በምትኩ ሌላ ሜዳ ይታሰብ። በማሽቃሬ ባሮ በዓል ሽማግሌዎችና ልጆች በአንድ ቦታ ሲገናኙ፣ ሽማግሌው የሚያስተምርበት ጥቂት ሰዓት ይሰጠው። በካፋ መሬት የቡና ፍሬ ሞልቷልና ለመጫወቻ የሚሆን በጀት መጠየቅ አያስፈልግም። ይህም ማለት ሥራው ሳይሠራ ቢቀር በገንዘብ ማጣት ሊሳበብ አይችልም።

አንድ ነገር ግን ሹማምንት እንዲጠነቀቁ ያስፈልጋል። ጨዋታው ለበዓል ሰልፍና ለዘገባ ማሳመሪያ ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ በአዳራሽ ብቻ ይኖር እንደ ነበረው እንደ ሰንጠረዥ ይሆናል። እንግዶች ሲመጡ የሚጫወት፣ እንግዶቹ ሲሄዱ የሚጠቀለል ጨዋታ ተመልካች እንጂ ተጫዋች የለውም። ደግሞም የበላይ አካል ያወጣው አንድ ሕግ በልጆቹ ላይ እንዳይጫን፣ ለውጥም ሲያስፈልግ የሚጫወቱት ራሳቸው ይጠየቁ። የእንግሊዙ ኩባንያ ብዙ ተጫዋች ካጣ በኋላ የተማረውን ትምህርት የዋጫ ሹም ሳያጣ ሊማረው ይችላል።

ሁሉ ነገር ለዘለዓለም ይኑር ማለት ግን አይደለም። በሚገባ ተቈጥሮ፣ ቦታና ጊዜም ተሰጥቶት፣ ልጆቹ በገዛ ፈቃዳቸው ቢተዉት፣ ያን ጊዜ ሕጉና ስሙ ተጽፎ በክብር ይቀመጥ፤ ማንም ይበደላል አይባልም። ነገር ግን ጉድጓዱን ደፍኖ፣ ሜዳውን ወስዶ፣ መምህሩን ሳይጠይቅ ቀብሮ፣ ከዚያ በኋላ ዘመኑ አለፈበት ማለት ፍርድ ሳይሆን ማመካኛ ነው። የካፋ ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት ናቸው፤ ልጆቹም በትምህርት ቤት አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው፤ የሚያገናኛቸውም ሰው በዚሁ ዓመት ሊነሣ ይገባዋል።